የቆረጥኩት አንቀጽ

ከዓመታት በፊት ስለ ፒፓ ትምባሆ ጣዕም አንድ ጽሑፍ ጽፌ በመጽሔት ወጥቶልኝ ነበር። በጽሑፉ ውስጥ አንድ ሐሰት ነበረ፤ የቀረው እውነት ነበር። ለረጅም ጊዜ ጥፋቴ ያ ሐሰት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አላምንም። ሐሰቱ ያሳፍራል እንጂ ሰው የሚጎዳ አልነበረም። ሰው የጎዳው ከጽሑፉ ቆርጬ ያወጣሁት እውነት ነው። ይህን የምነግራችሁ ይቅር እንድትሉኝ አይደለም። ጽሑፉን ያነበባችሁት እናንተ ስለሆናችሁ የጎደለውም ሊደርሳችሁ ይገባል ብዬ ነው።

የጻፍኩት ቨርጂኒያ ስለሚባለው ትምባሆ ነበር፤ ምንም ማጣፈጫ ስላልገባበት፣ ለስላሳ ስለሚባለው። ከፒፓ ትምባሆ አንዳንዱ ቫኒላ ወይም ቼሪ ወይም ሌላ መዓዛ ይጨመርበታል፤ ቤቱን ያውደዋል፣ አጫሹ ግን ከቅጠሉ ይልቅ የተጨመረውን ነው የሚቀምሰው። ቨርጂኒያ ብቻውን ሲሆን እንዲህ ያለ መሸፈኛ የለውም። ቅጠሉ ተለቅሞ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይሰቀላል፤ ሙቀት በቧንቧ ይገባለታል፣ ጭሱ ግን አይነካውም። በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጥና ስኳሩ ሳይጠፋ ቅጠሉ ይደርቃል። ወርቅማ ቀለሙም ጣፋጭነቱም ከዚህ ይመጣል፤ ከደረቁ ቅጠል ክብደት አንድ አምስተኛ ያህሉ ስኳር ሆኖ ቢገኝ አይደንቅም። በእኛም አገር በሸዋ ሮቢት፣ በሐዋሳና በብላቴ ቨርጂኒያ ተመርቷል። ይህን ሁሉ ጽፌአለሁ፤ ልክም ነበር።

ያ ወርቅማ ቅጠል እንዴት እንደተገኘም ጽፌ ነበር። በ1839 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ካስዌል በተባለ አውራጃ፣ ማድረቂያ ቤት የሚጠብቅ አንድ ወጣት እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ሲነቃ እሳቱ ሊጠፋ ደርሷል። ከሰል አምጥቶ ሲጨምርበት ድንገተኛው ሙቀት ቅጠሉን ወርቅ አስመሰለው ይባላል። እኔም “በአጋጣሚ የተገኘ በረከት” ብዬ አለፍኩት። ወጣቱ እስቲቨን የሚባል፣ በባርነት የተያዘ ጥቁር መሆኑን አንብቤአለሁ። በመጀመሪያው ረቂቄ ላይም ነበረ። አንባቢን ሩቅ ይወስዳል ብዬ ሰረዝኩት። ሩቅ ይወስዳል የሚለው ምክንያት እውነት ይመስል ነበር፤ ግን ካሮላይና ድረስ ከወሰድኳችሁ በኋላ ነው የሰረዝኩት። የሰረዝኩት ርቀቱን ሳይሆን ምሬቱን ነበር። ይህን ያነሳሁት ዋናው ጥፋቴ ስለሆነ አይደለም፤ እጄ ምን ምን መቁረጥ እንደለመደ ስለሚያሳይ ነው።

አሁን ሐሰቱን ልናገር። በጽሑፌ ላይ ቨርጂኒያን መጀመሪያ ስቀምስ የድርቆሽ ሽታ፣ ከዚያ ትኩስ ዳቦ፣ በመጨረሻ ቀጭን የማር ጣዕም እንደመጣልኝ ተርኬአለሁ። እንዲህ ያለ ነገር አልመጣልኝም። ድርቆሹንም ዳቦውንም ማሩንም የወሰድኩት ከውጭ አገር ሰዎች ጽሑፍ ነው። እኔን የሆነኝ ምላሴ ተለበለበ፣ አፌ ደረቀ፣ ግንባሬን ላብ አጠመቀው፣ ቁርሴም ወደ ላይ ወደ ላይ አለኝ። ምክንያቱን ኋላ ተረዳሁት፦ ስኳር የበዛበት ቅጠል ቸኩለው ሲስቡት በጣም ይግላል፣ ጭሱም ምላስ ይነክሳል። ጀማሪ ሁሉ ቸኩሎ ነው የሚስበው። ደግሞም እውነቱን ሁሉ ልናገር ካልኩ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ድርቆሽ የሚመስል ነገር ቀምሻለሁ፤ ወይም ስለጻፍኩት ብቻ ቀምሻለሁ ብዬ አምኛለሁ። ሁለቱን ዛሬም መለየት አልችልም።

ፒፓ ያስተማሩኝ በአንድ የፒያሳ ወርቅ ቤት ሒሳብ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። ከሰዓት በኋላ ካፌ በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ ማኪያቶ ያዛሉ፤ ትምባሆውን ከቆርቆሮው በሦስት ጣት እያነሱ፣ ሳያጭቁ ሳያላሉም፣ ፒፓው ውስጥ ይጨምሩታል። “አትቸኩል፣ ትንፋሽህን ተከተል” ይሉኝ ነበር። ዝም ብለው መቀመጥ የሚችሉ ሰው ነበሩ። እኔ ዝም ማለት የማልችል ስለነበርኩ ዝምታቸውን ከፒፓው የመጣ አደረግኩት። ፒፓውን ሳይዙ በፊትም ዝምተኛ እንደነበሩ የሚያውቋቸው ነግረውኛል። ይህንንም አልጻፍኩም።

አንድ ዓመት ከምላሳቸው ሥር ቁስል ወጣባቸው፤ የጥርስ ነው ብለው ሰነበቱ። ቁስሉ አልድን ሲል ሐኪም አዩ። ካንሰር ነበር። በቀዶ ሕክምና ከምላሳቸው ግማሹ ወጣ። ከዚያ በኋላም ወደ ካፌው ይመጡ ነበር፤ ማኪያቶው ሲቀዘቅዝ በማንኪያ ይጠጡታል፤ መናገር ሲፈልጉ በሒሳብ ሠራተኛ ጥርት ያለ ጽሕፈት ወረቀት ላይ ይጽፉልኛል። ከተቀመጥንባቸው ቀኖች በአንዱ “ትናንት ቡና ሲቆላ አልሸተተኝም” ብለው ጻፉልኝ። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ስለዚህ ነገር ጻፍ አላሉኝም። ብለውኝ ቢሆን ለትረካዬ ይመች ነበር፤ ግን አላሉኝም። ጻፈው ያለኝም ቁረጠው ያለኝም እኔው ነኝ።

ጽፌው ነበርና። በጽሑፌ መጨረሻ ላይ ስለ ቁስሉ፣ ስለ ማንኪያውና ስለ ወረቀቱ አንድ አንቀጽ ነበረ። ለአዘጋጁ ከመስጠቴ በፊት አወጣሁት።

ለምን አወጣሁት? ለራሴ የሰጠሁት የመጀመሪያ መልስ ጽሑፉ ረዘመ የሚል ነበር። ረዝሞም ነበር፤ ነገር ግን ስለ ፒያሳ የጻፍኩት ከዚያ በላይ ረጅም ሆኖ ሳለ አልነካሁትም። ሁለተኛው መልሴ የሞተ ሰው ሕመም በአደባባይ አይዘረገፍም የሚል ነበር። ይህ ከመጀመሪያው የተሻለ ነው፣ ስለዚህም ከመጀመሪያው ይከፋል፤ ክብራቸውን መሸሸጊያ አድርጌበታለሁና። ስማቸውን አልጠቀስኩም፤ ማንም ሊያውቃቸው አይችልም ነበር። የምጠብቀው ክብር የእሳቸው አልነበረም።

ሦስተኛው መልስ ቆይቶ ነው የመጣው፣ እሱም እውነተኛው ይመስለኛል። ያደግኩት ከፒያሳ ቁልቁል ባለ ጭቃ ቤት ነው፤ ካፌዎቹ ቅርብ ነበሩ፣ ግን የእኛ አልነበሩም። ከአራዳ ጊዮርጊስ ወጥተን ከእናቴ ጋር ስናልፍ በበረንዳው የተቀመጡትን ጋዜጣ አንባቢዎች እያየሁ ማለፍ ለምጄ ነበር። ስጎለምስ እዚያ ለመቀመጥ የሚያበቃኝን ነገር ፈለግኩ። ገንዘብ አልነበረኝም፤ ትምህርቴም መካከለኛ ነው። ጣዕም አወቂ መሆን ግን ርካሽ መስሎ ታየኝ። ስለዚህ ጽሑፌን በዚያ ሁሉ አስጌጥኩት፦ በ1923 ዓ.ም. በቆመው የምኒልክ ሐውልት፣ እቴጌይቱ ባቋቋሙት ጣይቱ ሆቴል፣ በሲኒማ ኢትዮጵያ ደጃፍ፣ ከቶሞካ በሚወጣው የተቆላ ቡና ሽታ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን መከልከላቸውን እንደ ጥንት ወሬ ጠቅሼ፣ አጫሹን ክልከላ ያላሸነፈው ጀግና አስመሰልኩት። የገጠር ሽማግሌዎችን ጋያ አንስቼ ለፒፓዬ የዘር ሐረግ ሠራሁለት። በዚህ ሁሉ መካከል የገባ ቁስለኛ ምላስ ጠረጴዛውን የበሽተኛ ጠረጴዛ ያደርገው ነበር። እኔ ደግሞ እዚያ ጠረጴዛ ላይ መታየት ነበር የምፈልገው። አንቀጹን የቆረጥኩት ለዚህ ነው። ክፋት አስቤ አይደለም፤ ሰው ይጎዳል ብዬም አላሰብኩም። ግን አለማሰቤ ራሱ የተመቸኝ ስለነበረ ነው።

ጽሑፉ ተወደደ። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የተወደደ ጽሑፍ ጸሐፊውን እንዴት እንደሚያደነዝዝ የጻፈ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዓመታት በኋላ አንድ ወጣት እዚያው ፒያሳ፣ ካፌ ተቀምጬ ሳለ ወደ እኔ መጣ። ቆሞ እጅ ነሳና “ጋሼ፣ ስለ ቨርጂኒያ የጻፉት እርስዎ ነዎት?” አለኝ። ነኝ አልኩት፤ ደስ ብሎኛልና ተቀመጥ አልኩት። ድርቆሹን፣ ዳቦውንና ማሩን እንደጻፍኩት ቃል በቃል ነገረኝ። የተዋስኩት ቃል ከሌላ ሰው አፍ ወጥቶ ወደ እኔ ሲመለስ ሰማሁ። ከዚያ በፊት ትምባሆ ነክቶ እንደማያውቅ፣ ጽሑፉን ካነበበ በኋላ ግን ከውጭ የመጣ ዘመዱን አንድ ቆርቆሮ እንዳስመጣ ነገረኝ። ቆርቆሮው አለቀ። ሌላ ማግኘት አልቻለም፤ ቢያገኝም ዋጋው አይቀመስም። “አሁን ሲጋራ ነው የማጨሰው፤ ግን ሜንቶል አልነካም፣ ማጣፈጫ ያለበት ነገር ጥሩ እንዳልሆነ ከእርስዎ ነው የተማርኩት” አለኝ። ሊወቅሰኝ አልነበረም የመጣው። ሊያመሰግነኝ ነበር።

ሱቅ በደረቴ ያንጠለጠለ ልጅ በአጠገባችን ሲያልፍ ጠራውና ሁለት ፍሬ ሲጋራ ገዛ። አንዱን በሁለት እጁ፣ ከወንበሩ ትንሽ ብድግ ብሎ፣ ለእኔ አቀረበልኝ። ላይተሩንም ነፋስ እንዳያጠፋው በመዳፉ ከልሎ ወደ አፌ አስጠጋው።

ያወቅኩት ያኔ ነው። ያወቅኩት ስለ ጤና አዲስ ነገር ሰምቼ አልነበረም፤ ስለ ጤና የማላውቀው አልነበረም። ያወቅኩት በሁለት እጁ ስለሰጠኝ ነው። አክብሮቱ ለእኔ አልነበረም፤ እኔ ለፈጠርኩት ሰው ነበር። ያን ሰው ለመፍጠር ደግሞ የሌላውን ሰው ሞት ቆርጬ ጥያለሁ። ልጁ እጅ ውስጥ ያለችው ሲጋራ ከቆረጥኩት አንቀጽ ክፍት ቦታ የገባች መስላ ታየችኝ።

ሲጋራውን ተቀበልኩት። ከዚህ ኑዛዜ መተው የምፈልገው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ስለዚህ አልተውም። ስለ ጋሼ ልነግረው እችል ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበረ። ነገር ግን እያመሰገነኝ ነበር፤ የሚያመሰግን አንባቢ ደግሞ ብዙ አያጋጥመኝም። ለኮሰልኝ፣ አብረን አጨስን፣ ማኪያቶውን ከፈልኩለት፣ ደህና ሁን ተባባልን። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። ስም ባለመጠየቄ በኋላ ልፈልገው አልቻልኩም፤ ያኔ ሳልጠይቅ የቀረሁት እንዳልፈልገው ነበር ወይ ብዬ አስቤበታለሁ። አልነበረም ብዬ መማል አልደፍርም።

ከዚያ በኋላ ማጨስ ተውኩ። ይህን ለምስጋና አልቆጥረውም፤ የእኔ መተው ለእሱ ምንም አላደረገለትም። ወደ ንስሐ አባቴም ሄጄ ትምባሆ አጨስ እንደነበር ተናዘዝኩ። እሳቸውም መከሩኝ፣ ቀኖና ሰጡኝ፣ ፈጸምኩት። ስለ ጽሑፉ ግን አልነገርኳቸውም። ኃጢአት ማለት በራሴ ሥጋ ላይ ያደረግኩት እንደሆነ፣ የጻፍኩት ግን ሥራዬ እንደሆነ አድርጌ ነበር ያቀረብኩት። የራሴን ሳንባ ተናዝዤ የሌላውን ሰው ሳንባ ዝም አልኩት። ከእሳቸው ዘንድ ቀልሎኝ መውጣት ነበረብኝ፤ አልቀለለኝም።

አሁን በዚያ ጽሑፍ ያልነበረውን ልጻፍ። ማጣፈጫ የሌለው ማለት ጉዳት የሌለው ማለት አይደለም። በትምባሆ ጭስ ውስጥ ከ7000 በላይ ኬሚካሎች ይገኛሉ፤ ወደ 70 የሚሆኑት ካንሰር እንደሚያመጡ ታውቋል። ብዙዎቹን ማንም አልጨመራቸውም፤ ቅጠሉ ሲቃጠል ነው የሚወለዱት። ፒፓ አጫሽ ጭሱን ወደ ሳንባው አላስገባሁም ቢልም ከንፈሩን፣ ምላሱን፣ ጉሮሮውን አያድንም። ለስላሳ የሚባለውም ምላስ ላይ ነው እንጂ ደም ውስጥ አይደለም፤ ኒኮቲኑ ያው ነው። ለስላሳነቱ በደልም አለበት፤ ጀማሪው ቶሎ እንዳይሸሽ ያደርገዋልና።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ማጣፈጫ የገባበትን ትምባሆ ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥንም፣ ትምባሆን ማስተዋወቅንም ከልክሏል። ማጣፈጫው የተከለከለው ወጣቶችን ስለሚስብ ነው፤ ያልተጣፈጠው ደህና ስለሆነ አይደለም። ሕጉን ባነበብኩ ጊዜ ጽሑፌ ከዚያ በፊት የወጣ በመሆኑ እፎይ ማለቴን አልደብቅም። ማስታወቂያ ነበር፤ የከፈለኝ ሰው የሌለበት ማስታወቂያ። በሕግ አልጠየቅም። ይህም ቢሆን ነገሩን አይለውጠውም።

ደግሞም አገራችን አጫሽ የበዛባት አገር አይደለችም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የጎልማሶች የትምባሆ ጥናት ከ100 ኢትዮጵያውያን ጎልማሶች ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 ያህል ነበሩ። ከዘጠና አምስቱ መካከል የነበረን አንድ ሰው ወደ አምስቱ ያሻገርኩት እኔ ነኝ። አንዱን አግኝቶኛልና አውቀዋለሁ። ያላገኙኝ ስንት እንደሆኑ የማውቅበት መንገድ የለኝም።

ይህን አሁን የምጽፍበት ሌላም ምክንያት አለኝ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው ያለው አሮጌ ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ ስለ ድሮዋ ፒያሳ ብዙ እየተጻፈ ነው፤ መጻፉም ተገቢ ነው፤ እኔም ሐዘኑ ይሰማኛል። ነገር ግን የናፈቀን ነገር ሁሉ ጭስ እንዳለበት አያለሁ፦ በረንዳው፣ ባርኔጣው፣ ሲጋራው፣ ፒፓው። በትዝታ ውስጥ ጭስ አያስልም። እኔ ያን ጽሑፍ የጻፍኩት ፒያሳ ቆማ ሳለች ነው፤ ዛሬ ብጽፈው ከዚያም በላይ ይዋብልኝ ነበር፣ ከዚያም በላይ ያጠፋ ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይባላል፤ ከብዕር የወጣማ መቼ ይደረስበታል። ቢሆንም ከኋላው ሌላ ቃል መላክ ይቻላል።

የቆረጥኩት አንቀጽ የሚከተለው ነው። የቀድሞው ረቂቅ ስለጠፋብኝ ቃሉ ያው ላይሆን ይችላል፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

ፒፓ ያስተማሩኝ ሰው በምላስ ካንሰር ሞቱ። ለብዙ ዓመታት ያጨሱት ማጣፈጫ የሌለውን ለስላሳውን ቨርጂኒያ ነበር። በመጨረሻ መናገር አይችሉም፣ ማሽተትም ከብዷቸው ነበር፣ ማኪያቷቸውን አቀዝቅዘው በማንኪያ ይጠጡት ነበር። እኔ ይህን ሁሉ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ።

ያን መጽሔት ያስቀመጠ ሰው ካለ ይህን አንቀጽ ከጽሑፌ መጨረሻ ያስገባልኝ። ጽሑፉን ያነበበ ወጣት የሚያውቅ ካለ ያንብብለት። አንተም በሁለት እጅህ ሲጋራ የሰጠኸኝ ልጅ፣ ይህ ከደረሰህ፣ ማሩ ውሸት ነበር፤ ስለ ሞቱት ሰው የጻፍኩት ግን እውነት ነው፤ ያን ቀን ልነግርህ ይገባኝ ነበር።